በአፌ በኩል ወይስ በአንገቴ?

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ካቻምና ይሁን እንጂ አንገቴ ላይ ያለውን መስመር እያየ የሚጠይቀኝ ሰው ስላላለቀ ትናንት የሆነ ያህል ነው። ታክሲ ውስጥ የማላውቃት ሴት «እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ትለኛለች። ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ከጎኔ የቆመው ሰው አንገቱን አስግጎ ያያል። አንዳንዱ ደግሞ ሳይጠይቅ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ያልፋል፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ድኛለሁ እኮ። ለእያንዳንዱ ከመንገር አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የምንኖረው ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ማትሪክ አልመጣልኝም። ቁጭ ማለት ስለማልችል ቀበሌያችን መሠረተ ትምህርት የሚያስተምር ሰው ሲፈልግ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ በሙሉ እናቴን የሚያክሉ ሴቶች ናቸው። ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ «ሀ» ስል «ሀ» ይሉኛል፤ ሳይገባቸው ሲቀር ደግሞ ይሰድቡኛል። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ሥር ረመጥ አለ፣ ምላስሽ ላይ ሚጥሚጣ» ትለኛለች። አልዋሸችም። በተለይ ስለ ምላሴ። የምኖረው በእሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በግራ መንጋጋዬ ሥር ባቄላ በምታህል እብጠት ነበር። ምግብ ስጀምር ብቅ ትላለች፣ ትወጥረኛለች፣ በልቼ ትንሽ ስቆይ ትጠፋለች። እየቆየ ግን ባቄላዋ አደገች። አንዷ ተማሪዬ ጉሮሮዬን ከረከረኝ ብላ አዳራሹ ውስጥ ሎሚ ስትመጥ፣ እኔ ገና ሎሚውን ሳየው አንገቴ ተነፋ። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ትምህርት ሲሰለቻቸው ሎሚ ያሳዩኝ ጀመር። እኔ አንገቴን ይዤ ስቀመጥ እነሱ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ።

እናቴ ጆሮ ደግፍ ነው ብላ ቆረጠች። ጆሮ ደግፍ የልጆች በሽታ ነው፣ ደግሞም ከጆሮ ሥር ነው የሚወጣው ብዬ ብከራከር ከመቼ ወዲህ ሐኪም እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ቅቤ ተቀባሁ፣ በሻሽ ታሰርኩ። እብጠቱ ወይ ፍንክች።

በዚህ መሃል ሁዳዴ ገባ። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ እኔንም ታስጾመኛለች። ጠዋት ስታየኝ አንገቴ ልሙጥ ነው። ከቤት ስወጣም ልሙጥ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እኔ ያለሁት ቀበሌ ነው፤ ከተማሪዎቼ ጋር ያመጣነውን ሽሮ አንድ ላይ ስንበላ ያብጥና ቤት እስክደርስ ይወርዳል። ማታ ደግሞ ስለማልበላ እናቴ ያንን አታይም። ስለዚህ ጾሙ ፈወሳት አለች። ለልደታ ማርያም ጥላ ተሳለች፣ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። እኔ ደግሞ «እማዬ፣ የጠፋው እኮ ስላልበላሁ ነው» አልኳት። እመቤቴን እንዳልፈታተናት አስጠንቅቃኝ ወጣች።

ፋሲካ መጣ። አጎቴ ጋሼ መኩሪያ ከነቤተሰቡ ሊፈስክ እኛ ቤት ተገኝቷል። ዶሮው ቀረበ። እናቴ በእጇ አጉርሳኝ ገና ሳልውጥ አንገቴ መነፋት ጀመረ። ሁለተኛውን ስጎርስ ቆዳዬ ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ሰው ሁሉ መብላቱን ትቶ እኔን ያየኛል። ጋሼ መኩሪያ ድስቱ ውስጥ በጭልፋ ፈለገና፣ «አስካለ፣ አንዱ እንቁላል ጎደለ ስል ለካ ልጅሽ አንገት ውስጥ ነው» አላት።

ሁሉም ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ማታውን ሆስፒታል እንሂድ ያለችው ራሷ ናት።

በዓሉ እንዳለፈ ሄድን። ያየን ሐኪም ሽበታም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ምላሴን አሳነሳኝና ጣቱን ከሥሩ አስገብቶ፣ በሌላ እጁ ከውጭ መንጋጋዬን ደግፎ ዳሰሰኝ። የሚያብጠው ምግብ ሰዓት ላይ መሆን አለመሆኑን ጠየቀኝ። ገና አዎ ሳልል ፊቴ ላይ አነበበው። ራጅ ተነሳሁ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ዘረጋና ነጭ ነገር አሳየን።

«ድንጋይ ነው» አለ።

እናቴ ተነስታ ቆመች። «ምን ድንጋይ?»

ሐኪሙ የምራቅ እጢ መንጋጋ ሥር እንዳለ፣ ምራቁ በቀጭን ቧንቧ ወደ አፍ እንደሚመጣ፣ ድንጋዩ መንገዱን ስለዘጋው ምግብ ባየሁ ቁጥር ምራቁ መውጫ አጥቶ እንደሚጠራቀም አስረዳ። እናቴ ግን ድንጋይ ከሚለው ቃል ወዲህ አልመጣችም። ፊቷ በንዴት ቀልቷል።

«ዶክተር፣ እኔ ምስር ሳልለቅም ድስት ጥጄ አላውቅም» አለች። «ሰፌዱን ይዤ በር ላይ ስለቅም ሰፈሩ ያየኛል። የእኔ ልጅ ድንጋይ አልበላችም። ከበላችም ቀበሌ ነው የበላችው።»

ሽበታሙ ሐኪም እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ። ድንጋዩ ከምግብ የገባ ሳይሆን ከምራቁ ከራሱ እየረጋ የተሠራ መሆኑን፣ ምስሯም እሷም ከደሙ ንጹሕ እንደሆኑ ነገራት። አላመነችውም፤ ግን ተቀመጠች።

ቀጥሎ የመጣው ነው ከባዱ። ድንጋዩ ቧንቧው አፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን የተቀመጠው እጢው ውስጥ፣ ወደ ኋላ ነው። እጢው ራሱ ብዙ ጊዜ አብጦ አመርቅዞ ተበላሽቷል። ስለዚህ እጢው ከነድንጋዩ መውጣት አለበት። እንዲህ እያለን ሳለ አንድ ወጣት ሐኪም ገባና ፊልሙን አየ። ከውጭ አገር ትምህርቱን ጨርሶ በቅርብ የተመለሰ ነው። ሁለቱ በእንግሊዝኛ መነጋገር ጀመሩ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ቀጥሎ ሞቅ አድርገው። ወጣቱ ወደ አፌ ይጠቁማል፣ ሽበታሙ ወደ አንገቴ። እኔ ከእንግሊዝኛው ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹ ያመልጠኛል። ያመለጠኝ ግማሽ ደግሞ ዋናው ይመስለኛል።

ትዕግሥቴ አለቀ። «ይቅርታ ጓዶች» አልኳቸው፤ «የምታወሩት ስለ እኔ አንገት ነው። በአማርኛ አድርጉት፣ እኔም ልሰብሰብ።»

እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ወጣቱ ሐኪም ደነገጠ፤ ሽበታሙ ግን ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ቤታችሁ ቁም ሳጥን አለ?» አለኝ።

«አለ።»

«ከቤት ይውጣ ቢባል በየት ታወጪዋለሽ?»

«በበር ነዋ።»

«ይሄ ወንድሜ በመስኮት እናውጣው ነው የሚለው። ከአፍሽ ውስጥ፣ ከምላስሽ ሥር ቀድዶ። ውጭ ላይ ምንም አይታይም። እኔ ደግሞ በበር ነው የምለው። ከመንጋጋሽ ዝቅ ብሎ፣ አንገትሽን ቀድዶ። ጠባሳ አለው።»

ወጣቱ ጣልቃ ገባ። «ቁም ሳጥኑ ትንሽ ከሆነ በመስኮት በደንብ ይወጣል። ሲወጣም አይቻለሁ፣ አውጥቻለሁም።»

«ትንሽ ነው» አሉ ሽበታሙ። «ግን ብዙ ጊዜ ስላመረቀዘ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። የተጣበቀ ነገር ሲላቀቅ በደንብ ማየት እፈልጋለሁ። በመስኮት በኩል ጨለማ ነው።»

በዚህን ጊዜ ነው እሳቸውን በልቤ አንተ ማለት ትቼ እርስዎ ማለት የጀመርኩት። ስለዚህ የልቤን ጠየቅኳቸው። «ከመስኮቱ አጠገብ ምን አለ?»

ሁለቱም ተያዩ። ወጣቱ መለሰልኝ፤ የምላሴ ነርቭ ነበር። ቢነካ ምላሴ ግማሹ ሊደነዝዝ፣ ለጊዜውም ሊከብደኝ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ይመለሳል አለ።

«ከበሩ አጠገብስ?»

ሽበታሙ መለሱ፤ የታችኛው ከንፈሬ ነርቭ ነበር። ቢጎዳ የአፌ ጠርዝ ይጣመማል፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። የምላሱም ነርቭ በዚያ በኩል የለም ማለት እንዳልሆነ፣ ግን እያዩት ስለሚሠሩ እንደሚጠብቁት አልደበቁኝም።

እናቴ ጉዳዩን ዘጋችው። «በአፏ ይሁን። አንገቷን አታበላሹብኝ። ሰው ሊጠይቃት ነው።»

ሊጠይቃት ነው ያለችው ለጋብቻ ነው። ሰንጋ ተራ የሚሠራ አንድ ጸሐፊ በአክስቱ በኩል ወሬ ልኮ ነበር። ሽበታሙ ሐኪም ግን፣ «እማማ፣ ልጅዎ ሙሉ ሰው ናት። እሷ ትምረጥ» አሉና ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሩን።

ያ ሳምንት አይደገም። ጎረቤት ሁሉ ገባ። በአፍ ገብቶ በአፍ ከወጣ ማን ያውቃል አሉ። የአንገት ጠባሳ ያላት ሴት ሰው ሊያርዳት ሞክሮ ያመለጠች ነው የምትመስለው አሉ። ተማሪዎቼ ደግሞ ስብሰባ ለምደዋል፤ አጀንዳ አስያዙ። እጅ ይውጣ ተባለ። በአፍ የሚለው በከፍተኛ ድምፅ አሸነፈ። የብዙኃኑን ውሳኔ አልቀበልም ስላቸው አንዷ፣ «ታዲያ ምን ብለሽ ነው በየቀኑ ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የምትደሰኩሪብን?» አለችኝ።

እኔ ግን ስሌቴ ቀላል ነበር። ጠባሳውን ሌላው ነው የሚያየው። ምላሴን የምጠቀምበት እኔ ነኝ። ከንፈሬ ቢጣመም ያስጠላኛል፣ አልዋሽም፤ በተጣመመ ከንፈር ግን ማስተማር ይቻላል። በደነዘዘ ምላስ «ለ» እና «ረ»ን ለይቼ ለእነዚያ ሴቶች እንዴት ልነግር ነው? ደግሞ ጨለማ ውስጥ ከሚሠራልኝ ሰው ይልቅ እያየ የሚሠራልኝን እመርጣለሁ።

ይህንን ለእናቴ ስነግራት አኮረፈች። ማውራት አቆመች። ሦስተኛው ቀን ላይ አልቻልኩም፤ የማይባል ነገር አልኩ።

«አንቺስ አንገትሽን በመርፌ ተወግተሽ የለም እንዴ?»

እናቴ ከቡልጋ ነው የመጣችው። አንገቷ ዙሪያውን በረድፍ በረድፍ ተነቅሷል። አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ ግን ነጠላዋን እስከ አገጯ ትከናነባለች፤ አንድ ቀን ተክለ ሃይማኖት ገበያ ላይ ባላገር ብለው ስለሳቁባት ነው አሉ። ስለ ንቅሳቷ ማንም ሰው አንስቶባት አያውቅም። እኔ አነሳሁት።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን እጇን አንገቷ ላይ አደረገች።

«እኔ ስነቀስ» አለች፣ «አያትሽ ራሴን ይዛ፣ አክስቴ እግሬን ይዛ ነው። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። ታምሪያለሽ አሉኝ። ትፈልጊያለሽ ወይ ያለኝ የለም።»

 

«አንቺን ግን» አለች፣ «ሁለት ሐኪም ቁጭ ብሎ ጠየቀሽ።» ይህንን ብላ እንስራውን ይዛ ወደ ቦኖው ወጣች። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳችውም። እኔም አላነሳሁም።

የቀጠሮው ቀን ስንገባ ሁለቱም ሐኪሞች ነበሩ። በአንገቴ በኩል ይሁንልኝ አልኩ። ምክንያቴንም ተናገርኩ። ወጣቱ ሐኪም የሚከፋው መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እሱም በእኔ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ሳይመርጥ እንደማይቀር ነገረኝ። ሽበታሙ ወረቀታቸውን ሰብስበው ሊነሱ ሲሉ እናቴ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ፈታች። ሰው ፊት ስትፈታው አይቻት አላውቅም።

ወደ ሽበታሙ ጠጋ ብላ አገጯን ወደ ላይ አነሳች። «ካልቀረላት እዚህ ላይ አድርጉት» አለች፣ በጣቷ የላይኛውን ረድፍ እያሳየች። «እዚህ ላይ የተበጣ መስመር ከአንገት ጋር ይተኛል። ከዚህ ከፍ ካለ ግን አገጭ ላይ ይታያል፣ ያስጠላል።»

ሽበታሙ ፈገግ አሉ። ሁለት ጣታቸውን ከመንጋጋዋ ሥር አስቀመጡ። ከሁለቱ ጣት ዝቅ ብሎ ያለው የአንገት እጥፋት ላይ የእናቴ ሰማያዊ መስመር ተኝቷል።

«እማማ» አሉ፣ «እኔም የምቀድደው እዚሁ ላይ ነው። የከንፈሯን ነርቭ ለመሸሽ ሁለት ጣት እወርዳለሁ፤ እጥፋቱ ደግሞ ጠባሳውን ይሸፍነዋል። የነቀሰችዎት ሴትዮ እጅ የታደለ ነበር።»

«እጇስ ታድሏል» አለች እናቴ፣ «ልቧ ነው እንጂ።»

ብዕር አነሱና አንገቴ ላይ አሰመሩ። እናቴ ከጎን ቆማ አየች። ትንሽ ወደ ታች አስደረገቻቸው። እውነቴን ነው፤ አስደረገቻቸው።

ኦፕራሲዮኑ ጠዋት ነበር። ማደንዘዣው ሲወስደኝ አላስታውስም። ስነቃ አፌ ደርቋል፣ አንገቴ ታሽጓል። መጀመሪያ ያደረግኩት ምላሴን ማንቀሳቀስ ነው። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ከዚያ ጮክ ብዬ ሀ ሁ ሂ ማለት ጀመርኩ። «ለ» ጋ ደረስኩ፣ ጥርት ያለ ነው። «ረ» ላይም ጥርት አለ። ነርሷ ማደንዘዣው ያስቃዠኝ መስሏት ሮጣ መጣች። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ተያት፣ ሥራዋ ላይ ናት» አለቻት።

ደስታዬ እስከ ማግሥቱ ቆየ። በማግሥቱ መስታወት ጠይቄ ፈገግ ስል የከንፈሬ ግራ ጥግ አልተከተለኝም። ውሃ ስጠጣም በዚያው በኩል ይንጠባጠባል። ሽበታሙ ሐኪም ሲመጡ አሳየኋቸው። ደጋግመው አዩት። ነርቩ እንዳልተቆረጠ፣ ሲጎተት ግን እንደደነገጠ፣ በወራት ውስጥ እንደሚነቃ ተስፋ እንዳላቸው ነገሩኝ።

«ካልነቃስ?»

«ካልነቃ እንዲሁ ትኖሪያለሽ» አሉኝ። «ነግሬሽ ነበር።»

ነግረውኛል። ያን ቀን ያላለቀስኩትም ለዚህ ነው። ሳይነገረኝ ቢሆን ኖሮ ሆስፒታሉን በጩኸት እደባልቀው ነበር። እያወቅኩ የገባሁበት ስለሆነ ግን መስታወቱን መለስኩና ተኛሁ።

ወጣቱ ሐኪም ድንጋዩን በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ አመጣልን። ቢጫማ፣ የተንሻፈፈ፣ የሽምብራ ክክ የሚያክል ነገር ነው። እናቴ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታ፣ ምስር እንደምትለቅም አድርጋ ዓይኗን አጥብባ አገላብጣ አየችው።

«የምስር ድንጋይ አይደለም» አለች። «ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምራቅ ነው የተሠራው የሚለውን ለሰፈሩ ሁሉ የምታስረዳው እሷ ናት።

አንገቴ እንደደረቀ ወደ ተማሪዎቼ ተመለስኩ። ፈገግ ስል አፌ ወደ አንድ በኩል ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ከንፈሬን ያያሉ። «በ» በሉ ስላቸው ያቺ ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት ያለችኝ ሴት ከንፈሯን ልክ እንደኔ አጣማ «በ» አለች። ሁሉም ተከተሏት። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እስኪያመኝ ሳቅኩ። በዚያው ተጣሞ ይቅር እንኳ ብል ከነሱ ጋር መኖር እንደምችል ያወቅኩት ያኔ ነው።

አልቀረም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ሁለቱም ጥግ አብሮ ሲነሳ አየሁት። እናቴን ጠራኋት። አየችኝና ጥርሴን ሞልቼ እንዳልስቅ፣ ሰው እንደሚዳፈረኝ መከረችኝ።

ያ የተፈራለት ጸሐፊም መጣ። ጠባሳዬን ያየው አይመስለኝም፤ ወሬዬ ግን በዛበት መሰለኝ፣ አልተመለሰም። ምላሴ በደንብ እንደሚሠራ አንዱ ማስረጃ ነው።

አሁን ሎሚ እመጥጣለሁ፤ ተማሪዎቼም የሚያስፈራሩኝ ነገር አጥተዋል። አንገቴን በሻሽ አልሸፍንም። ስለ ጠባሳው ስጠየቅ በአፍ በኩልና በአንገት በኩል ያለውን ልዩነት እስኪሰለቻቸው አስረዳለሁ። መምረጤ ያኮራኛል። ሐኪሞቹ ሲከራከሩ አፌን ከፍቼ መጠየቄ ያኮራኛል። ከሁሉ በላይ ግን የሚያኮራኝ ሌላ ነው።

ዘንድሮ ለልደታ በዓል እናቴ ስለቷን አገባች። ጥላውን አስረክበን ከደጀ ሰላሙ ስንወጣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ አንገቷ እስከ ታች ይታያል። እኔም ከጎኗ ነኝ። አንዲት የማናውቃቸው እናት እሷንም እኔንም አየት አየት አደረጉንና ልጅሽም ተነቅሳለች እንዴ፣ ዛሬም የሚነቅስ አለ ወይ ብለው ጠየቋት።

እናቴ ቀና አለች። «እሷን የነቀሳት ሐኪም ነው» አለቻቸው። «እሷ ግን መርጣ ነው።»